ቦራ የሰጠን ጎን

የወንድሜ ኮርቻ ከበራችን በላይ ተሰቅሏል። ከዚያ የሚያወርደው የለም። እኔም ካለፈው ወር ጀምሮ ከፈረስ ሥራ ወጥቼ በአንድ የጭነት መኪና ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆኛለሁ። የምጽፈው የጎማና የቤንዚን ነገር ነው። መኪና አይመረውም። ሲበላሽ ይቆማል፣ ሲጠገን ይሄዳል። አለቃዬ «ወርቁ፣ ከፈረስ ጋር ኖረህ የለም እንዴ፣ እስኪ ስለሱ ጻፍልን» ሲሉኝ ሳቅሁ። የሥራ ዘመኑን የሚተርክ ሽማግሌ የሆንኩ መሰለኝ። ዕድሜዬ ገና ነው። ነገር ግን የሥራ ዘመን በዕድሜ ብቻ አያልቅም። የኔ አልቋል።

ስለ ሥራዬ ለመጻፍ ስቀመጥ ብዕሬ ወደ ወንድሜ ወደ ጋሼ ከበደ ይሄድብኛል። እሱ ፈረስ ገሪ ነበር። የማውቀውን ሁሉ ያስተማረኝ እሱ ነው። እሱ ያላስተማረኝ ያለ እሱ መሥራትን ነው፤ ያንን ጣሊያን አስተማረኝ። ይህን በአንድ ትንፋሽ መጻፍ አልችልም። ቀስ ብዬ ልሂድበት።

ጋሼ ከበደ በብዙ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ቶሎ ስለሞቱ ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ከሚስቱ ከእትዬ አስካለ ጋር። ቤታችን ከልደታ ማርያም ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከጦርነቱ በፊት እዚያው ልደታ፣ በአንድ ደጃዝማች ግቢ ውስጥ የፈረስ ጋጣው ኃላፊ ነበር። ደጃዝማቹ ደግ ጌታ ነበሩ፤ ደመወዝ ግን ትዝ ሲላቸው ነበር የሚሰጡት። ጋሼ እኔን ትምህርት ቤት ያስገባኝ ከዚያችው ደመወዝ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ገብቼ በፈረንሳይኛ መጻፍ ጀምሬ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ደጃዝማቹ ወደ ሰሜን ዘመቱ፤ አልተመለሱም። ጋሼ ከበደ አብሯቸው ዘምቶ ነበር። በፈረስ ሄዶ በእግሩ ተመለሰ።

«ፈረሶቹስ?» አልኩት።

«አትጠይቀኝ» አለኝ። ሁለተኛ አልጠየቅሁትም።

ጣሊያን ሲገባ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የደጃዝማቹን ግቢ ጦሩ ያዘው፤ ጋጣውን ወደዱት። ከየአገሩ የተማረኩ ፈረሶች መምጣት ጀመሩ፣ የሚገራቸው ሰው ተፈለገ። ጋሼ ከበደ ተጠራ፣ ገባ። የሰፈር ሰው ብዙ ተናገረው። «ለጠላት ፈረስ የሚገራ» አሉት፤ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ፊታቸውን ያዞሩበት ነበሩ። እሱ ግን በየማለዳው ወደ ጋጣው ይሄድ ነበር። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። ምክንያቱ እኔ ነበርኩ።

የተማረ ወጣት ከየቤቱ እየተለቀመ በሚወሰድበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ጫማዬን አስወለቀኝ። መጻሕፍቴን እትዬ አስካለ ከጎተራው ገብስ ሥር ቀበረቻቸው።

«ከዛሬ ጀምሮ ፊደል አታውቅም» አለኝ ጋሼ።

«ቢጠይቁኝስ?»

«ጋጣ ጠራጊ ነኝ ትላለህ። ፋንድያ የሚሸት ሰው ተማሪ ነው ብሎ የሚጠረጥር የለም።»

እትዬ አስካለ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሳቀች። «አንዱ አልበቃ ብሎኝ ሁለት ፈረስ ልታሳድሩብኝ ነው?» አለች።

ሥራ የጀመርኩት በዚህ ዓይነት ነው።

የእጄ ሥራ መጥረግ፣ ማጠጣት፣ ሰኮና ማጽዳት ነበር። ጋሼ የሚያስተምረኝ ግን በዓይን ነው። ፈረስ ሲገራ አጠገቡ ያቆመኝና «አሁን ምን አለ?» ይለኛል። ፈረሱን ማለቱ ነው።

«እምቢ አለ» እላለሁ።

«አላለም። እንደገና እየው።»

እንደገና አያለሁ። ምንም አይታየኝም። «ፈረንሳይኛ ከዚህ ይቀላል» አልኩት አንድ ቀን። «ፈረንሳዩ ስትሳሳት አይራገጥማ» አለኝ።

ብዙ ቆይቶ ሦስት ነገር መለየት ቻልኩ። የፈራ ፈረስ አለ፤ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ መላ አካላቱ ለሽሽት ይዘጋጃል። የለገመ ፈረስ አለ፤ እሱ ዓይኑ ወደ ድርቆሹ ነው፣ ጆሮውን ጥሎ ያንቀላፋ ይመስላል። ሦስተኛው የመረረው ነው። ብዙ ሰው ይህን ከለገመው ጋር ይቀላቅለዋል፤ አለንጋ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። የመረረው ፈረስ ጆሮዎቹ አብረው አይሄዱም፤ አንዱ ወደ ፊት ሲል ሌላው ወደ ኋላ ይዞራል። ልጓሙን በጥርሱ ያፋጫል። ዝንብ ሳይኖር ጅራቱን ይወነጭፋል። ከአፍንጫው በላይ ያለው ቆዳ ይሸበሸባል። ከሁሉም በላይ ትንፋሹን ይይዛል። ሆዱ ላይ እጅህን ብታሳርፍ እንደ ከበሮ የተወጠረ ነው።

«ለጋሚ አይመረውም» ይል ነበር ጋሼ ከበደ። «የሚመረው፣ መታዘዝ ፈልጎ መንገዱ የጠፋበት ነው። መረረኝ ሲልህ ከመታኸው ሁለተኛ አይነግርህም። ዝም ይላል። ዝም ያለ ፈረስ ደግሞ የሚናገረው አንድ ቀን ብቻ ነው።»

ፈረስ ሲመረው ጋሼ ከበደ የሚያደርገው ሁልጊዜ ያው ነው። «ይብቃን» ይላል። «ይብቃህ» ብሎ አያውቅም። ከኮርቻው ይወርዳል፣ በሆዱ ሥር ያለውን ጠፍር ያላላል። ከዚያ ከፈረሱ ቀኝ ትከሻ አጠገብ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው ይቆማል። አያሻሸውም፣ አያባብለውም። «አንተ ስትናደድ የሚያባብልህን ትወዳለህ?» አለኝ ስጠይቀው። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ ባዶ አፉን አላምጦ፣ በረጅሙ እስኪተነፍስ ድረስ እዚያው ነው። ከዚያ ድሮ የሚያውቀውን ቀላል ነገር ያሠራውና ወደ ጋጣው ይመልሰዋል። በምሬት የተዘጋ ትምህርት በማግሥቱ በምሬት ይከፈታል ባይ ነው።

አለቃችን አንድ ካፒቴን ነበር። ስሙን አልጽፍም። እውነት ለመናገር ፈረስ ያውቃል። በኪሱ ስኳር ይዞ ይመጣል፤ ሲቀመጥ የፈረስ ጀርባ አይጎዳም። ሰው ሲያነጋግር ግን ዓይኑ ወደ ሰውየው አይሄድም። ሳህሉ የሚባል አስተርጓሚ አብሮት ይዞራል። ሳህሉ የልደታ ልጅ ነው፤ አፉ አያርፍም፣ ክፉ ግን አልነበረም። እኔ ካፒቴኑ የሚለውን በፈረንሳይኛዬ በኩል ግማሹን እሰማለሁ። እንዳልሰማ ሆኜ ፋንድያዬን እዝቃለሁ።

ቦራ የመጣው ከምርኮ ፈረሶች ጋር ነው። መልኩ ቀላ ያለ ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ቦራ አልነው። ጌታው ማን እንደነበር የሚያውቅ የለም። ጀርባው ላይ የኮርቻ ጠባሳ፣ አንገቱ ላይ የጥይት ጭረት ነበረው። ጋሼ ከበደ ዙሪያውን ዞሮ አየውና «ይሄ የተገራ ነው። የገራውም ከኔ የተሻለ ሰው ነው» አለ። ካፒቴኑ በዚያው ቀን ለራሱ መረጠው።

ችግሩ በማግሥቱ ታየ። እኛ ሰይፍ የምንታጠቀው በቀኝ ስለሆነ ፈረስ ላይ የምንወጣውም በቀኝ በኩል ነው። ጣሊያኖች የሚወጡት በግራ ነው። ካፒቴኑ በግራ ሲመጣበት ቦራ ዞሮ ቀኙን ሰጠው። ካፒቴኑ ዞሮ በግራ መጣ። ቦራም እንደገና ዞሮ ቀኙን ሰጠው። እንዲህ ሲዞሩ ወታደሮቹ ሳቁ። ካፒቴኑ ፊቱ ቀላ።

«እምቢተኛ ነው ይላል» አለ ሳህሉ።

«እምቢ አላለም። ትክክለኛውን ጎኑን እየሰጣቸው ነው። እጅ እየነሳ ነው በላቸው።»

ሳህሉ ተረጎመ። ካፒቴኑ በአጭሩ መለሰ።

«በሮም ፈረስ ላይ የሚወጣው በግራ ነው ይላል።»

«ቦራ ሮም ሄዶ አያውቅም። አስተምረዋለሁ። ጊዜ ይስጡኝ።»

ጊዜ ተሰጠው። አንድ ትልቅ ሹም ሊመጣ ነበር። ከሰፈራችን በታች አይሮፕላን በሚያርፍበት ሜዳ ላይ ሰልፍ ይደረጋል፤ ካፒቴኑ ቦራ ላይ ተቀምጦ ሹሙን ይቀበላል። እስከዚያ ነው።

እንደዚያ ያለ ሥራ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም። መጀመሪያ ኮርቻ እንኳን አልጫነበትም። ገብሱን በግራ በኩል ሰጠው። በግራ ጠረገው። በግራ በኩል ቆሞ ዝም አለ። ቦራ ሲዞር አይከለክለውም፤ አብሮት ዞሮ እንደገና ግራው ላይ ይገኛል። አንድ ጠዋት ቦራ ሳይዞር ቀረ። ጋሼ ከበደ ሥራውን እዚያው ላይ አቆመ።

«ገና ፀሐይ እንኳን አልሞቀም» አልኩት።

«ዛሬ ትልቅ ነገር ሰጥቶናል። ጨምር አይባልም።»

ከዚያ እጁን ኮርቻው ላይ አሳርፎ ማንሳት ቀጠለ። ከዚያ መደገፍ። ከዚያ ክብደቱን ጥሎ መልሶ መውረድ። ቦራ አንዳንድ ቀን ይመረው ነበር። በጥይት መሀል ጌታውን በቀኝ ሲቀበል የኖረ ፈረስ ነው፤ የምታውቀው ሁሉ ስሕተት ነው ሲባል ምን ያድርግ? ጆሮዎቹ ሲለያዩ ጋሼ «ይብቃን» ይላል።

አንድ ቀን ይህ የሆነው ካፒቴኑ አጥሩን ተደግፎ ሲያይ ነው። ጋሼ ጠፍሩን አላልቶ፣ ፊቱን አዙሮ ቆመ። ካፒቴኑ ሰዓቱን አየ።

«ከቤ» አለ ሳህሉ፣ «ፈረሱን አስተምር ተባልክ እንጂ የንስሐ አባቱ ሁን አልተባልክም።»

«የንስሐ አባትም መጀመሪያ ይሰማል።»

«ይሄን ልተርጉምለት?»

«እንዳታደርገው።»

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ሲባል ነበር የማውቀው። ያንተው ደግሞ ማድረሱንም ሊተው ነው» አለና ሳህሉ ሳቀ። ካፒቴኑም ምን እንደተባለ ሳያውቅ ሳቀ። ያን ቀን በሳቅ አለፈ።

ከዚያ ሹሙ ከታሰበው ቀድሞ የሚመጣ ሆነ። ጋሼ ከበደ፣ ካፒቴኑ ለሰልፉ በሌላ ፈረስ ላይ እንዲቀመጥ ለመነ። ካፒቴኑ አልሰማም። ከሁለት ቀን በፊት ጋሼ የቦራን ራስ ይዞለት ካፒቴኑ በግራ ወጥቶ ነበር፤ ቦራም ቆሞለታል።

«የቆመው እኔ ፊቱ ስላለሁ ነው» አለ ጋሼ። «ለኔ ብሎ ነው። ገና ለራሱ አልገባውም።»

«አይቻለሁ፣ ደርሷል ይላል» አለ ሳህሉ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተወው ከቤ፣ አንተም ራሱን ትይዝለታለህ» አለው።

የሰልፉ ቀን ጠዋት እትዬ አስካለ «አሞኛል በልና ቅር» አለችው። ጫማ ስለሌለው እግሩን እያጠበ ነበር። «እኔ ብቀር የቦራን ራስ ወርቁን ያስይዙታል» አላት።

እዚህ ላይ ብዕሬን ደጋግሜ አንስቻለሁ። ያየሁትን ብቻ ልጻፍ።

ሜዳው ላይ ሙዚቃ ነበር። አይሮፕላኖች ከዳር ቆመዋል። ካፒቴኑ ነጭ ጓንት አድርጎ፣ አዲስ የፈረስ መውጊያ ብረት ተረከዙ ላይ አስሮ መጣ። ጋሼ ከበደ የቦራን ራስ ይዞ ቆሟል። አንድ መኮንን ፎቶግራፍ አንሺ አስከትሎ መጣና ጋሼን ከእግር እስከ ራሱ አየው፤ የተቀደደ ልብሱን፣ ባዶ እግሩን። የልጓሙን ዛብ ከእጁ ነጥቆ ለአንድ ወታደር ሰጠ። ጋሼን ገፍቶ ከኛ ጋር ከገመዱ በስተ ኋላ አቆመው። ፎቶግራፉን እንዳያበላሽ ነው።

ካፒቴኑ በግራ መጣ። ቦራ ወታደሩን አየ፣ ካፒቴኑን አየ፣ ዞሮ ቀኙን ሰጠ። ካፒቴኑ ዛቡን ስቦ መለሰው። ቦራ እንደገና ዞረ። ጆሮዎቹ ተለያዩ። ጅራቱ ሲወነጨፍ ከገመዱ ኋላ ሰማሁት።

«ይብቃን» አለ ጋሼ ከበደ። ከዚያ ጮኸ። «ሳህሉ! ይብቃን በለው! መሮታል በለው!»

ሳህሉ ወደኛ ዞረ፣ ሹሙ ወደ ተቀመጠበት አየ፣ አልተረጎመም።

ካፒቴኑ አለንጋውን አንስቶ ቦራን አንገቱ ላይ መታው። ያን የጥይት ጭረት ያለበትን ቦታ። ቦራ መዞሩን አቆመ። እንደ ድንጋይ ቆመ። ሰዎች አጨበጨቡ። ጋሼ ከበደ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ዝም ማለቱ ምን እንደሆነ እኛ እናውቃለን። ካፒቴኑ እግሩን ወደ እርካቡ አስገብቶ ሲነሳ ቦራ በኋላ እግሮቹ ቆመ፣ አየር ላይ ዞረ፣ በጎኑ ወደቀ። የካፒቴኑ እግር ከሥሩ ነበር። የአጥንቱን ድምፅ ሁላችንም ሰማን።

ጋሼን ወዲያው ያዙት። ወደ ጋጣው ግቢ አምጥተው አንድ መኮንን ፊት አቆሙት። ቦራን ወታደሮች በገመድ ወጥረው ይዘውታል፣ ይንቀጠቀጣል። እኔ አካፋዬን ይዤ ከግድግዳው ጥግ ቆሜያለሁ። መኮንኑ ጠየቀ።

«ይሄ ፈረስ እብድ ነው ወይ ይልሃል» አለ ሳህሉ። ከዚያ የሚተረጉም መስሎ፣ ቶሎ ቶሎ፣ «ከቤ፣ በማርያም፣ እብድ ነው በል። ፈረሱን ይገድሉታል፣ አንተ በግርፋት ትወጣለህ» አለው።

ጋሼ ከበደ ቦራን አየው። ረጅም ጊዜ አየው።

«ሳህሉ፣ እኔ አንዴ ፈረስ ጥዬ ከጦር ሜዳ ተመልሻለሁ» አለ። «ሁለተኛ አልችልበትም። እብድ አይደለም በለው። በግልጽ ነግሯቸዋል፣ አልሰሙትም።»

ሳህሉ ተረጎመ። ድምፁ ይቆራረጥ ነበር። መኮንኑ ጥቂት አሰበና ተናገረ። ሳህሉ ሳይተረጉመው እኔ ገብቶኝ ነበር። ፈረሱ እብድ ካልሆነ፣ ጣሊያን ሲወጣበት እንዲጥል ያስተማረው ሰው አለ ማለት ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ይኸው። ከግድግዳው ለቅቄ ወደ ፊት መጣሁ። አፌን ከፍቼ ነበር፤ በፈረንሳይኛ ሁሉንም ላስረዳቸው ነው።

ጋሼ ከበደ ዞሮ አየኝ። እንደዚያ ባለ ድምፅ ጠርቶኝ አያውቅም።

«አንተ ደደብ! ምን ቆመህ ታያለህ? ፋንድያውን ጥረግ!»

ወታደሮቹ ሳቁ። እኔ አጎንብሼ ጠረግሁ። ቀና ስል ወስደውታል።

የት እንደገደሉት አናውቅም። የት እንደቀበሩትም አናውቅም። በሽፍትነት ለተገደለ ሰው ለቅሶ አይፈቀድም ተባለ። እትዬ አስካለ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ። ጎረቤት ሰምቷል፤ የመጣ ግን የለም።

ካፒቴኑ ከሆስፒታል በከዘራ ተመለሰ። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ቦራ ነበር። ቦራን አልገደሉትም። «ሰውየው ፈረሱ ደኅና ነው ብሏል፤ በፈረስ ነገር አይዋሽም ነበር ይላል» አለኝ ሳህሉ፣ ዓይኔን ሳያይ። የወንድሜን ቃል አምነውታል። ፈረሱን አዳኑበት፣ እሱን ገደሉበት። «የጀመረውን አንተ ትጨርሰዋለህ ይላል።»

ለእትዬ አስካለ ነገርኳት። እምቢ በል የምትለኝ መስሎኝ ነበር።

«ቦራ ምን አደረገ?» አለች። «ሌላ ሰው ከሚደበድበው አንተ ሥራው።»

ቦራ ሲያየኝ ቀኙን ሰጠኝ። ቀኝ ትከሻው አጠገብ የሚቆመው ሰው ግን የለም። ከመጀመሪያው ጀመርኩ፤ ገብስ በግራ፣ መጥረግ በግራ፣ በግራ ዝም ብሎ መቆም። ጆሮዎቹ ሲለያዩ «ይብቃን» አልኩ። ጠፍሩን አላልቼ ጋሼ በሚቆምበት ቦታ፣ ፊቴን ወደ ሌላ አዙሬ ቆምኩ። እያለቀስኩ ነበር፤ ወታደሮቹ የሚያዩት ጀርባዬን ብቻ ነው። ቦራ ሲተነፍስ እኔም እተነፍሳለሁ። ብዙ ወር እንዲህ ሠራን። ካፒቴኑ በዚህኛው ጊዜ አላቻኮለኝም። አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል፣ ሰዓቱን አያይም።

በመጨረሻ በግራ በኩል መጣ። ራሱን የያዘለት ሰው የለም። ቦራ አንዱንም ጆሮውን ሳያዞር ቆመለት። ካፒቴኑ ወጣ፣ ሜዳውን ዞረ፣ ወረደ፣ «ብራቮ» ብሎ ሲጋራ ሰጠኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ ያ ይበልጣል። ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ግን ስለ ሥራዬ ጻፍ ተብያለሁ፣ ልዘለው አልችልም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ፈረስ ገራሁ፤ ሌሎች አለቆችም መጡ ሄዱ። ስለነሱ የምጽፈው የለኝም። ጣሊያን በሚወጣበት ሰሞን ካፒቴኑ በመኪና ሄደ። ጋጣው ያለ ጠባቂ ቀረ። ሳህሉ የግቢውን በር ከፍቶ «ቦራን ውሰድ» አለኝ። «ሌላ የምሰጥህ የለኝም።» ወስጄ ቤታችን ጓሮ አሰርኩት።

ያ ግንቦት ልደታ እንዳለፈ ለቅሶ ተፈቀደ። የጋሼ ከበደ ጊዜው ያለፈ ለቅሶ ወንዙ ዳር ካለው ሜዳ ላይ ሆነ። ፊታቸውን ያዞሩበት ሁሉ መጡ። ጎረቤታችን አቶ ሽፈራው ከበረሃ ተመልሰው ነበር፤ ጎፈሬያቸው ትከሻቸው ደርሷል። «ከበደ ዘማች ነው፣ በፈረስ ይለቀስለታል» አሉ። አገሩ እንዲህ ነው የሚያከብረው። ለዘማች ፈረሱ ተጭኖ ይመጣል፣ አንድ ጀግና ወጥቶበት እየፎከረ አልቃሹን ይዞራል። በዚህ ከተለቀሰለት በኋላ «ለጠላት የገራ» የሚለው የለም። እትዬ አስካለ ይህን ስትሰማ እጄን ይዛ ጨመቀችው። ይህን ቀን ስትጠብቅ እንደኖረች ያን ጊዜ ገባኝ።

የወንድሜን ኮርቻ ጫንኩበት። ቦራን መርቼ ወደ መሀል አገባሁት። አልቃሹ ጮኸ። አቶ ሽፈራው ጠመንጃቸውን ከፍ አድርገው ፎክረው ቀረቡ። እንደ አገራችን ልማድ በቀኝ በኩል መጡ።

ቦራ ዞሮ ግራውን ሰጣቸው።

እሳቸው ዞረው በቀኝ መጡ። ቦራ እንደገና ዞረ። ጩኸቱ ቀነሰ።

«ፈረሱም ባንዳ ሆኗል እንዴ!» አለ አንድ ወጣት ከኋላ። የሳቁ ነበሩ፤ በለቅሶ መሀል።

«አጥብቀህ ያዘው!» አሉኝ አቶ ሽፈራው፣ ፊታቸው ተቆጥቶ። ለሦስተኛ ጊዜ ዞሩ። የቦራ ጆሮዎች ተለያዩ። ልጓሙን ሲያፋጭ ሰማሁ። እጄን ሆዱ ላይ አደረግሁ። ተወጥሯል። መታዘዝ ፈልጎ መንገዱ ጠፍቶበታል፤ ያውም ሁለቱንም መንገድ ያስተማርነው እኛው ሰዎች ነን።

«ይብቃን» አልኩ።

«ምን?» አሉ አቶ ሽፈራው።

«ይቅርታዎን፣ አባቴ። መሮታል። ዛሬ ማንም አይወጣበትም።»

«አንተ ልጅ፣ የወንድምህን ለቅሶ ልታፈርስ ነው? ክብሩ እኮ ነው!»

ሁሉም ወደ እትዬ አስካለ ዞሩ። ከሴቶቹ መሀል ቆማለች። እኔም አየኋት፤ ይህን ቀን ከእጇ ልወስድባት ነው። እሷ እኔን አላየችኝም፤ ቦራን ነበር የምታየው።

«ተዉት፣ አቶ ሽፈራው» አለች። «እሱም ቢኖር ይህንኑ ነበር የሚያደርገው።»

ጠፍሩን አላላሁ። የት እንደምቆም ቸገረኝ። ቀኙም ግራውም ለቦራ መከራ ሆኖበታል። ከፊቱ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምኩ። ያን ያህል ሰው አንድ ፈረስ እስኪተነፍስ ጠበቀ። ቆየ። ከዚያ ባዶ አፉን አላመጠ፣ አንገቱን ዝቅ አደረገ፣ ትንፋሹን በረጅሙ ማጅራቴ ላይ ለቀቀው። እትዬ አስካለ በነጠላ አፍና ይዛው የኖረችውን ድምፅ ያን ጊዜ አወጣችው።

የፈረስ ምሬቱን የሚያውቀው ከበደ፣
የራሱን ሳይነግር ዝም ብሎ ሄደ።

ሴቶቹ ተቀበሏት። አቶ ሽፈራው ጠመንጃቸውን መሬት አስደግፈው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ኮርቻውን አውርጄ በራሴ ትከሻ ተሸከምኩት። ልጓሙን አወለቅሁለት። ዳገቱን በእግራችን ወጣን፣ ቦራ ያለ ገመድ ከኋላዬ ይከተለኛል፣ አልቃሹም ከኋላው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቦራ ላይ በቀኝም በግራም የወጣ ሰው የለም።